የኪሷ ዳዊት ግምገማ፦ ኑሮ ሲፈርስ ትሠራለች ወይ?

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻታለሁ። አምስተኛውን የነሳኋት በጥረዛዋ ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ።

የምገመግማት በየቤተ ክርስቲያኑ በር ከጧፍና ከዕጣን ጎን የምትሸጠዋን ትንሿን ዳዊት ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። መዳፍ የምታህል፣ ወፈር ያለች፣ ባለ ዚፕ ማኅደር የምትለብስ። የድሮ ሰዎች የብራናውን ዳዊት በማኅደር አድርገው ትከሻቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። የኔዋ ቦርሳዬ ውስጥ ከቻርጀርና ከቤት ቁልፍ ጋር ትጋፋለች። የገዛሁት ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበትን ነው። አማርኛ ብቻ የሆነም፣ ግእዝ ብቻ የሆነም አለ። ዋጋ አልጠቅስም፤ እኔ ጽፌ ሳልጨርስ ይቀየራል።

ስለ ወረቀቱና ስለ ሽፋኑ ብቻ ብጽፍ አምስት መስመር ይበቃኝ ነበር። ግን እሷን የገዛሁት ነገሩ ሁሉ ሲናድብኝ ነው፤ እና ብዙ ሰው እንደዚያ ባለ ሰዓት እንደሚገዛት አውቃለሁ። ስለዚህ መመለስ የምፈልገው በዚያ ሰዓት ትጠቅማለች ወይ የሚለውን ነው።

ምን እንደተፈጠረ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፒያሳ የልጆች ልብስ እሸጥ ነበር። ሱቁ የኔ አይደለም፣ ከተከራይ ላይ የተከራየሁት ነው። በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም አካባቢ ሰፈሩ ለልማት ፈረሰ። ከተከራይ ላይ የተከራየ ሰው ምትክ ስጡኝ ብሎ የሚያንኳኳው በር የለውም። ዕቃዬን ቤቴ አምጥቼ እስከ ኮርኒሱ ደረደርኩት። ከሰፈሩ ጋር ደንበኞቼ ተበተኑ፣ ከደንበኞቼ ጋር ደግሞ ዱቤዬ ተበተነ፤ አንዷ የካ ገባች፣ አንዷ ለሚ ኩራ፣ አንዷ ስልኳን ቀይራ ጭራሽ ጠፋች። እቁቡን ቀድሜ በልቼዋለሁ። ስለዚህ ሱቅ ኖረ አልኖረ ሳምንት በመጣ ቁጥር መጣል ግድ ነው። በዚያው ክረምት አባቴ ታመመ። አዲስ ዓመት ሳይገባ አረፈ።

እንግዲህ እንዲህ ስትሆኑ ሰው ጥቅስ ይልክላችኋል። በቴሌግራም፣ አበባና የፀሐይ መውጫ ያለበት ሥዕል ላይ ተጽፎ። እኔ ጋ በብዛት የመጣው ኤርምያስ 29፥11 ነበር፤ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው። ደስ ይላል። ሰዎቹም ክፉ አይደሉም፣ ሌላ የሚሉት አጥተው ነው። ግን አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ አንብቡት። ቃሉ የተጻፈው ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች ነው፣ ቁጥር 10 ደግሞ የምጎበኛችሁ 70 ዓመት ሲፈጸም ነው ይላቸዋል። ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ተብለዋል እዚያው ምዕራፍ ላይ። እኔ 11ን የላኩልኝን ሰዎች ቁጥር አጥቼዋለሁ፤ 10ን የላከልኝ ግን የለም። በእርግጥ 70 ዓመት እቁብ መጣል አልችልም፤ ቢሆንም እውነቱን የነገረኝ እሱ ነበር።

የንስሐ አባቴ ቤት ሲመጡ ጥቅስ አልጠቀሱልኝም። ካርቶኖቹን ዞር ዞር ብለው አዩና ተቀመጡ።

«ዳዊት ትደግሚያለሽ?» አሉኝ።

«አልደግምም አባ። ድሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ትንሽ ሞክሬ ነበር። አሁን እንኳን ዳዊት፣ አባታችን ሆይ የምልበት አፍ አጥቻለሁ፤ ተናድጃለሁ።»

«ይሁን። ግዢና የዕለት የዕለቱን ድገሚ። ቢያስለቅስሽ እያለቀስሽ፣ ብትናደጂ እየተናደድሽ። እሱም ተናዶ ነው የጻፈው።»

አልመከሩኝም፣ አልገሠጹኝም። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

አሁን ስለ አጠቃቀሟ። 150ው መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ መኃልየ ነቢያትና የሰሎሞን መኃልይ ነው። ከኋላ ውዳሴ ማርያምም አለበት፣ እሱም በየቀኑ የተከፈለ። የዕለቱን ሁሉ መድረስ ለማይችል ሰው ደግሞ አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። በደከመኝ ቀን አንድ ንጉሥ ደግሜ እተኛለሁ። ዓርብ 20 መዝሙር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። 118 እዚያ ውስጥ ነው፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ 22 ክፍል የሚሄደው። እሱን ዓርብ ቡና እየፈላ የሚደግም ካለ ይንገረኝ።

ይህ አከፋፈል ለጤነኛ ሰው ምናልባት ልማድ ነው። ለኔ ትልቁ ጥቅሟ እሱ ሆነ። ምን ልጸልይ ብዬ መምረጥ አይጠበቅብኝም። ምርጫው የኔ ቢሆን ደስ የሚሉትን እየለቃቀምኩ እንደ ቴሌግራሙ እሆን ነበር። ወይም ምንም አልልም ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ በቃ ከ31 ነው የሚጀመረው፣ ስሜት ኖረኝም አልኖረኝም።

ሰኞን ላሳያችሁ። በኛ ዳዊት ቁጥር 22ን ሁሉም ያውቀዋል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፤ የሚያሳጣኝም የለም።» በታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፏል፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ አለ፣ ሠርግ ላይ ይነበባል። ከሱ በፊት ያለውስ? 21 ላይ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ይጀምራል። እሱን ታክሲ ላይ ተለጥፎ አላየሁም። ትንሽ ወደ ኋላ ብትገልጡ 12 አለ፤ «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» እያለ እስከ መቼ፣ እስከ መቼ ይላል። እቁብ የሚጥል ሰው «እስከ መቼ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰኞን የሚዘጋው ደግሞ 30 ነው፤ አንተን ታመንኩ ብሎ ይጀምርና መሃሉ ላይ ሲደርስ «እንደ ተበላሸም ዕቃ ሆንሁ» ይላል። እዚህ ጋ ቆምኩ። ኮርኒስ ድረስ በተደረደረ ዕቃ መሃል፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። ነጋዴ ነኝ፤ የተበላሸ ዕቃ ማን እንደሚፈልገው፣ የት ጥግ እንደሚጣል አውቃለሁ። ሰውየው ይህን የሚለው አንተን ታመንኩ ባለበት በዚያው አፍ ነው፣ በዚያው መዝሙር ውስጥ።

ከዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ ካላቸው ቃላት አንዱ ከ21 ነው፤ «ለምን ተውኸኝ» የሚለው። አንዱ ከ30 ነው፤ «ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» የሚለው። ሁለቱም የሰኞ ናቸው። እኔ ያደግሁት መታመን ማለት አለማጉረምረም ነው እየተባልኩ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ድምፄ ከፍ ሲል «ተይ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ሙግት የለም» ይሉኛል። እዚህ መጽሐፍ ላይ ግን ሙግት ሞልቷል። ሰውየው ይሟገታል፣ ያለቅሳል፣ ለምን ትተኛለህ ንቃ ይላል፤ ግን ሙግቱን ይዞ ሌላ ዳኛ ጋ አይሄድም። ለኔ እምነት ማለት ይኸው ሆኗል። ሌላው የሚሻለው ካለ አልከራከርም።

ሐሙስ ከባድ ነው። 87 አለበት። ሌሎቹ የለቅሶ መዝሙሮች በአብዛኛው መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፣ ይህኛው አይዞርም። ወዳጆቼንና ዘመዶቼን ከኔ አራቅህ ብሎ እዚያው ያልቃል። የመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ገጽ የጎደለ መስሎኝ አገላበጥኩ። (ከዚህች መጽሐፍ ጥረዛ አንጻር ጥርጣሬዬ ያለ ምክንያት አልነበረም።) ገጽ አልጎደለም። አንዳንድ ቀን ጸሎት እንዲህም ያልቃል ማለት ነው።

ሐሙስ ላይ 108ም አለ። እርግማኑ። ዘመኑ ጥቂት ትሁን፣ ሹመቱን ሌላ ይውሰድ፣ ባለ ዕዳ ያለውን ሁሉ ይበርብረው የሚለው። ስልኳን ቀይራ የጠፋችዋን ደንበኛዬን እያሰብኩ እንዴት ባለ ወኔ እንደደገምኩት ልነግራችሁ አልችልም፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቁ። «ለሱ ከነገርሽው ደህና ነው፤ ለሷ እንዳትደውዪ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህም ሐሙስ በመጣ ቁጥር እደግመዋለሁ፣ ወኔው ግን እየቀዘቀዘ ነው። ሰው ላይ ዳዊት አስደግማለሁ እያላችሁ ገንዘብ የምትከፍሉ ካላችሁ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የምገመግመው ዕቃ ለዚያ አልተሠራም።

እሑድ ደስ ይለኛል። መኃልየ ነቢያት 15 ናቸው፣ እና ብዙዎቹ ዝማሬዎች የተዘመሩት ማንም ሰው መዘመር በማያምረው ቦታ ነው። ዮናስ ከዓሣ ሆድ፣ ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት፣ ምናሴ ከእስር ቤት፣ ሕዝቅያስ ከሕመም አልጋ። የዕንባቆም ጸሎትም እዚያ አለ። መጨረሻው ላይ በለስ ባታፈራ፣ ከወይን ፍሬ ባይገኝ፣ የወይራ ሥራ ቢጎድል፣ እርሻ መብልን ባይሰጥ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ፣ ላሞች በጋጣው ባይኖሩ ይላል። ይህ እኮ የዕቃ ቆጠራ ነው! ሱቅ ዘግቶ ሌሊት ቆጠራ ያደረገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ መደርደሪያ በመደርደሪያ እየሄደ፣ ይህም የለም፣ ይህም የለም። አንድ ዕቃ አይዘልም፣ ጎድሎ ሳለ ሞልቷል አይልም። ቆጥሮ ሲጨርስ ነው «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» የሚለው። እኔ እስከ ላሞቹ ድረስ በደንብ እደርሳለሁ። የመጨረሻዋን መስመር አንዳንድ እሑድ ከልቤ እላታለሁ፣ አንዳንድ እሑድ እንዲሁ አነባታለሁ።

የስልክ አፕሊኬሽን አይበልጥም ወይ የሚል ይኖራል። ሁለቱንም ይዣለሁ። የስልኩ በድምፅ ያነብላችኋል፣ ልብስ እያጠባችሁ ትሰማላችሁ፤ መብራት ሲጠፋም በራሱ ብርሃን ይነበባል፣ የወረቀቷ በዚያ ሰዓት ጧፍ ትፈልጋለች። ግን ስልኩ ላይ 30ን እየደገምኩ «እንደ ተበላሸ ዕቃ» ጋ ስደርስ የእቁቡ ዳኛ ይደውላል። አፕሊኬሽኑ በየቀኑ ጠዋት የሚልከው ጥቅስም ያው የተመረጠው ጣፋጭ ጣፋጩ ነው። 87ን አንድም ቀን ልኮልኝ አያውቅም።

ግእዝና አማርኛ ያለበትን መግዛቴ የጠቀመኝ ባላሰብኩት በኩል ነው። አባቴ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ነበር፤ ቤት ውስጥ ግእዝ ሲያነብ አይቼው አላውቅም። ሆስፒታል ተኝቶ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ግእዙን እየተንተባተብኩ ሳነብ ዓይኑን ሳይገልጥ «ተነሽ ነው፣ አትጣይው» አለኝ። (ተነሽና ወዳቂ የግእዝ ቃል አነባበብ ዓይነቶች ናቸው።) ለካ ሁሉም አለው። «ብፁዕ ብእሲ» ብዬ ስጀምር እሱ «ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብሎ ይቀጥላል። ነርሷ የሰጠችውን መድኃኒት ስም ከአንድ ሰዓት በኋላ አያስታውስም፤ በሰባት ዓመቱ በለበቅ እየተገረፈ የያዘውን ግን ተነሹን ከወዳቂው ለይቶ ያርመኛል። እኔ ስሳሳት ይናደዳል፤ መናደዱ ደስ ይለኝ ነበር፣ ገና አለ ማለት ነውና። ዕድሜውን ሙሉ ስለ እምነቱ ብዙ አውርቶኝ አያውቅም። ካወራነው ሁሉ የሚበልጠውን ያወራነው በዚያ ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ፣ ንባቤን እያረመ ነው። ሲያርፍ ካህናቱ አጠገቡ ዳዊት ሲደግሙ ተከትዬ ማንበብ ቻልኩ።

እሺ፣ አሁን ወደ ጥፋቷ። ጥረዛዋ የማይረባ ነው። ገጾቹ የተያያዙት በሙጫ ብቻ ነው፣ ስፌት የላትም። ጥቂት ወር ሳይሞላት ሐሙስ ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ ወጣ። እኔ ተበታትኜ የምይዘው ፍለጋ ገዛሁ፣ እሷም ተበተነች! ወደ ሻጩ ወስጄ ልቀይር ብለው «እኅቴ፣ ንዋየ ቅድሳት ተመላሽ የለውም» አለኝ። አሁን በላስቲክ አስሬ ነው የምይዛት። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ የጀርባው ጽሑፍ ያሳልፋል። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መነጽር የግድ ነው። እግዚአብሔር የሚለው ስም በቀይ መታተሙ ደስ ይላል፣ ግን በኔዋ ላይ ቀዩ ትንሽ ሸርተት ብሎ አንዳንዱ ገጽ ላይ ከጥቁሩ ተደርቧል። የፊደል ግድፈትም አለ። አባቴ ሁለቱን ሳያይ በጆሮው አግኝቷቸዋል።

ለማን አትሆንም? ሰባት ቀን ደግሜ ሱቅ ላግኝ ለሚል ሰው አትሆንም። እኔ ሱቅ አላገኘሁም። ልብሱን አሁን በቴሌግራም እሸጣለሁ፣ ካርቶኖቹ ከኮርኒስ ወደ መስኮት ደረጃ ወርደዋል፣ እቁቡ አልቋል፣ ሌላ ዕዳ አለ። ይህን የምጽፈው ምስክርነት ለመስጠት አይደለም፤ ምስክርነት መጨረሻው ያማረ ታሪክ ይፈልጋል፣ የኔ ገና መሃሉ ላይ ነው። እንቅልፍ ለሳምንታት ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ደግሞ ሐኪም ጋ ይሂድ። ዳዊቱን ይዞ ይሂድ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ አንድ ንጉሥ ያስደግማል።

የቁጥር ነገር ላስታውሳችሁ፣ ብዙ ሰው ይምታታበታልና። ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ በዚያ ሰሞን «መዝሙር 91ን አንብቢ፣ በጣም ያጽናናሻል» ብላ ጻፈችልኝ። የኔዋ ላይ 91ን ብከፍተው እግዚአብሔርን ማመስገን መልካም ነው ይላል። ጊዜ መርጣ ነው ብዬ ትንሽ ተቀየምኳት። እሷ ያለችው «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን ነበር፤ እሱ በኛ ዳዊት 90 ነው። ከ9 በኋላ አብዛኛው መዝሙር በእነሱ አንድ ቁጥር ይበልጣል። አሁን ስንላላክ ቁጥሩን ትተን የመጀመሪያውን ቃል ነው የምንጽፈው።

ልትገዙ ከሆነ ግእዝ ማንበብ የሚፈልግ ወይም ግእዝ የሚያውቅ ሽማግሌ ቤቱ ያለ ሰው ሁለቱን ቋንቋ የያዘችውን ይውሰድ። ለሌላው ትልቅ ፊደል ያላት አማርኛዋ ትበቃለች። ቤሩት ለምትሠራው የአክስቴ ልጅ የላክሁላት እሷን ነው። ማታ ማታ ከሥራ ወጥታ አልጋዋ ላይ ሆና ነው የምታነበው፣ መነጽር የላትም። በስፌት የተጠረዘች እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ ጀርባዋን ገለጥ አድርጋችሁ ክሩን እዩ። ባለፈው ሳምንት የእቁብ ጓደኛዬ ባሏ ከሥራ ተቀንሶ አንድ ልገዛላት ሄጄ አራት ሱቅ ዞሬ ነው ክር ያላት የተገኘችው። ከመስጠቴ በፊት እርሳስ አውጥቼ ከሰኞ 12 አጠገብ ትንሽ ምልክት አደረግሁላት።